ካርታው በእናቴ ስም ነው፤ ማን ይፈርም?

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ካሳው ነው። ቤቱ በስንት ተገመተ፣ ምትክ ቦታው የት ነው፣ ገንዘቡስ መቼ ይከፈላል የሚሉት ጥያቄዎች ከወረዳ መሰብሰቢያ አዳራሽ እስከ ፍርድ ቤት ችሎት ይሰማሉ። በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ሆኖም እምብዛም የማይጻፍበት ሌላ ጥያቄ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በስሙ የወጣለት ሰው የደረሰውን ደብዳቤ መረዳት፣ ግምቱን መቃወም፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ መጠበቅ የማይችል ከሆነ በእርሱ ፈንታ የሚቆመው ማን ነው? የመርሳት ሕመም የያዛቸው እናት፣ ስትሮክ መትቷቸው መናገር ያቃታቸው አባት፣ ከጽኑ የአእምሮ ሕመም ጋር በወላጆቹ ቤት የሚኖር ወንድም፣ አባትና እናቱን ያጣ ሕፃን፣ ሁሉም እንደ ማንኛውም ሰው ባለይዞታ ሊሆኑ ይችላሉ። መንገዱ ሲሰፋ ወይም ሠፈሩ ለልማት ሲፈለግም እንደ ማንኛውም ሰው ይነሣሉ።

በእኔ ግምት የችግሩ ሥር የሕግ እጦት አይደለም። ችሎታ፣ ማለትም በራሳቸው ጉዳይ ላይ በሕግ ፊት የሚጸና ውሳኔ የመወሰን አቅም፣ ስለሌላቸው ሰዎች የሚናገር በቂ ሕግ አለን፤ መሬት ስለሚለቀቅበት ሥርዓት የሚናገርም ሕግ አለን። የጎደለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል የግል ንብረትን ሊወስድ እንደሚችል ይደነግጋል። ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና እርሱን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 472/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሒደት ምክክር ሊደረግላቸው ይገባል፤ ይህ ጊዜ የሚያጥርበት ሁኔታም ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ንብረቱ ይመዘገባል፣ ይገመታል፣ የማስለቀቂያ ትእዛዙም በጽሑፍ ይደርሳል። ትእዛዙ የደረሰው ወይም በሚለቀቀው ንብረት ላይ መብት ወይም ጥቅም አለኝ የሚል ሰው ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ።

እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል። ምክክሩ የሚሰማና የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ይገምታል። ምዝገባው «ይህችኛዋ ክፍል ተዘልላለች፣ የውኃ ጉድጓዱም አልተጻፈም» ብሎ የሚከራከር ሰው በግቢው ውስጥ እንደሚገኝ ይገምታል። በገጠር ደግሞ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ተነሥቶ ስለሆነ፣ የትኛው ዓመት እህል እንደያዘና ስንት ኩንታል እንደወጣ የሚናገር ሰው ከሌለ ሒሳቡ በሌላ ሰው ግምት ይሞላል፤ መነሻው በአሥራ አምስት እጥፍ የሚባዛ በመሆኑም መጀመሪያ ላይ የተሠራ ትንሽ ስሕተት መጨረሻ ላይ ትንሽ አይደለም። የ30 ቀኑ ገደብም ቀን የሚቆጥር ሰው መኖሩን ይገምታል። ማስታወሱ የጠፋባቸው እናት ትእዛዙን ተቀብለው ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አጥፈው ቢያስቀምጡት በወረቀት ደረጃ ትእዛዙ ደርሷል፤ ጊዜውም መቁጠር ጀምሯል።

አሁን ወደ ሌላኛው ሕግ እንሂድ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው የሚል ነው፤ ችሎታ የለውም የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ይህ መነሻ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ማንም ተነሥቶ «አእምሮው ልክ አይደለም» በማለት የሌላውን መብት እንዳይነጥቅ የሚጠብቅ አጥር ነው። ሕጉ በአንቀጽ 339 በዕድገት ጉድለት፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት ለመገመት የማይችለውን ሰው ለይቶ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 340 ደግሞ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ማየት የተሳናቸውና በዘላቂ ደዌ ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ያቃታቸው ሰዎች ቢፈልጉ የዚህን ጥበቃ ተጠቃሚ መሆን እንደሚችሉ ይናገራል። በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው «ቢፈልጉ» መረሳት የለበትም። ማየት የተሳነው ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ራሱ የሚወስን ሰው ነው፤ የሚያስፈልገው ደብዳቤውን የሚያነብለት እንጂ ያለፈቃዱ የሚወስንለት አይደለም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማየት የተሳነውን ባለይዞታ «ሞግዚት ይዘህ ና» ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ይህ በየትኛውም ሕግ የተደገፈ አይደለም።

አስቸጋሪው ክፍል ቀጥሎ ይመጣል። ሕጉ የአንድ ሰው የአእምሮ ችግር «በግልጽ የታወቀ» ነው የሚለው በጠባቡ ነው። በአንቀጽ 341 መሠረት ሰውየው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም መሰል ተቋም ውስጥ ተኝቶ ባለበት ጊዜ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። አንቀጽ 342 ከሁለት ሺህ ያነሰ ነዋሪ ላላቸው የገጠር ቀበሌዎች ሰፋ ያለ መስፈርት ያስቀምጣል፤ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንቅስቃሴውን የሚገድቡ ከሆነ በቂ ነው። በዚህ መስፈርት አዲስ አበባ ውስጥ በልጃቸው ቤት እየተጠበቁ የሚኖሩ፣ ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው የመርሳት ሕመምተኛ ችግራቸው በሕግ ዓይን «የታወቀ» አይደለም። ፍርድ ቤት ሰውየው በራሱ ፈርሞ ጉዳዩን እንዳይፈጽም የሚያግድ፣ «ክልከላ» የሚባል ውሳኔ ካልሰጠ በቀር ፊርማቸው እንደ ጤነኛ ሰው ፊርማ ይጸናል። ሊፈርስ የሚችለው በፈረሙበት ሰዓት ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ለመስጠት በሚያስችል ሁኔታ ላይ እንዳልነበሩ ሲረጋገጥ ነው፤ ያንን የማስረዳት ሸክም ደግሞ የሚወድቀው በእርሳቸው ወገን ላይ ነው። ቤቱ ፈርሶ አስፋልት ከተዘረጋበት በኋላ የዚያን ዕለት አእምሯቸው እንዴት እንደነበረ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚቻል አንባቢ ይገምተው።

በተግባር የሚሆነውን ላስረዳ። የወረዳው ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ ባለይዞታው ማናገር እንደማይችሉ ካየ፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ቤተሰብ ማን አለ?» ብሎ ነው። ሚስት ካለች ሚስት ትፈርማለች፤ ከሌለች ታላቁ ልጅ ይፈርማል። ጠንቃቃ የሆነ ባለሙያ ቤተሰቡ ተስማምቶ አንዱን የመረጠበት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት እንዲመጣ ያደርጋል። አብዛኛው ቤተሰብ ቅን ስለሆነ አብዛኛው ጉዳይ ያለ ጥል ያልፋል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያ ወረቀት ውክልናም፣ ሞግዚትነትም አይደለም። የሰጠው ሰው የራሱ ያልሆነን መብት ነው የሰጠው። ችግሩ የሚታየው ቤተሰቡ ሲለያይ ነው።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ ዝርዝሩን ትቼ ልጥቀስ። በአንድ ከተማ ዳር ሰፊ ግቢ የነበራቸው አዛውንት ከስትሮክ በኋላ ሰው መለየት አቅቷቸው ነበር። ከልጆቻቸው አንዱ የምትኩን ጉዳይ ሲከታተል ቆይቶ ሁለት ምርጫ ቀረበለት፤ ሰፋ ያለ ምትክ ቦታ ራቅ ካለ አካባቢ፣ ወይም አነስ ያለ ቦታ ከቀድሞው ሠፈር አጠገብ። የመረጠው ሰፊውን ነው። ለወራሽ ሰፊው ቦታ ይሻላል፤ ዋጋው ነገ ያድጋል። ለአባት ግን ይሻል የነበረው በየቀኑ ገብታ የምታያቸው ጎረቤት፣ በእግር የሚደረስበት ጤና ጣቢያ፣ የሚያውቋቸው የዕድር ሰዎች የሚገኙበት ቦታ ነበር። ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ሕግ የጣሰም አይመስለኝም። የእርሱ ጥቅምና የአባቱ ጥቅም አንድ አለመሆኑን የሚጠይቅ አንድም ሰው በሒደቱ ውስጥ አልነበረም። ስለ ውክልና ስንናገር ትልቁ ጥያቄ የሚፈርም እጅ ማግኘት ሳይሆን ይህ ነው። «ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ» የሚባለው ዓይነት ልጅ ጥቂት ነው፤ ሳያውቀው ለራሱ የሚመርጥ ልጅ ግን ብዙ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀደመው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በተለየ መልኩ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳን ማካተቱን ሁላችንም አመስግነናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ካሳ ከማንም በላይ የሚመለከተው እነዚህን ሰዎች ነው። ጤነኛ ሰው ሠፈር ቢቀይር ስልክ ይደውላል፣ ታክሲ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ የመርሳት ሕመም ያለባት እናት ግን ከለመደችው ግቢ ስትወጣ የቀራትን የዓለም ካርታ ነው የምታጣው። ሆኖም ይህን ጉዳት የሚያስረዳላት ተወካይ ከሌለ የሚከፈላት ለሁሉም የሚከፈለው ያው መጠን ነው።

«ታዲያ ውክልና አለኝ» የሚሉኝ አሉ። እናቴ ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ ሙሉ ውክልና ሰጥታኛለች፣ ይኸው በውልና ማስረጃ የተመዘገበ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታየት አለበት። የመጀመሪያው የሥልጣኑ ስፋት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ክስ ለማቅረብና ለመከላከል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም። ሁለተኛውና ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ደግሞ በአንቀጽ 2232 ያለው ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። እንግዲህ ሰዎች ውክልና የሚሰጡት ለክፉ ቀን ነው፤ ክፉው ቀን በመጣ ጊዜ ግን ወረቀቱ ለክርክር የተጋለጠ ይሆናል። ሕጉ «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» ማለቱ በር ከፍቷል። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏችሁ፣ እነርሱም ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ውክልናው ችሎታ ባጡ ጊዜም እንደሚቀጥል፣ መሬቱ ለልማት ቢፈለግ ካሳን ለመከራከርና ለመቀበል፣ ምትክ ቦታንም ለመምረጥ እንደሚያገለግል በግልጽ አጽፉ። ይህንን ማድረግ የሚቻለው አእምሯቸው ሙሉ በሆነ ጊዜ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚውን ችሎታ የማጣራት ግዴታ አለበት፤ በሕመሙ መካከል ተሸክሞ ወስዶ ማስፈረም ለሰነዱም ለቤተሰቡም ጣጣ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች ላይ በተለይ የማየው ግራ መጋባት አለ። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ልጅ የእናቱ ቤት ሊነሣ መሆኑን ሲሰማ ወደ ኤምባሲ ሄዶ ለአጎቱ ልጅ ውክልና ይልካል። ገንዘቡን ለግንባታው የላከው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ግን በእናቱ ስም ነው፤ ስለዚህ የላከው ውክልና የራሱን መብት እንጂ የእናቱን አይሸፍንም። እርሱ የሌለውን ሥልጣን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ የሚል ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው፤ ከእናቱ ጋር የሚጋጭ ጥቅም ስላለውም ያለ ጥንቃቄ የእርሷ ተወካይ ሊሆን አይገባም።

ውክልና በሌለበት ቀጥተኛው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በአንቀጽ 351 መሠረት የሰውየው ጤንነትና ጥቅም የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤት ክልከላ ሊያውጅና ሞግዚት ሊሾም ይችላል። ማመልከቻውን ራሱ ሰውየው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርቡት ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ራሱ ማየት፣ መቅረብ ካልቻለም ማስመርመር አለበት። የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ለዚህም ቤተሰቦች ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ማስረጃ ይታዘዛል፣ ዘመድ ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል። በሌላ በኩል የ30 ቀኑ ሰዓት አይቆምም። በተለይ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ሥራው የሚካሄድበትን ፍጥነት ያየ ሰው የሞግዚትነት መዝገብ ከዚያ ጋር እኩል ሊሮጥ እንደማይችል ይረዳል።

ክልከላ ሌላም ችግር አለበት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ነው። የተከለከለ ሰው እንደ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ይቆጠራል፤ የሚነካው የአንዱን ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰውየውን የሕይወት ውሳኔ በሙሉ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው፣ መንግሥታትም ያንን ችሎታ እንዲጠቀሙበት ድጋፍ ማቅረብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ንብረት የማፍራትና የመውረስ፣ ንብረታቸውንም በዘፈቀደ ያለመነጠቅ መብት ተጽፏል። ስምምነቱን በጥብቅ የሚተረጉሙ ሰዎች ሞግዚት የሚባለው ነገር ጭራሹን መቅረት አለበት ይላሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ ምንም ዓይነት ሐሳብ መግለጽ የማይችል ሰው አለ፤ ለእርሱ «ድጋፍ» ማለት በስተመጨረሻ ሌላ ሰው ይወስናል ማለት ነው። ነገር ግን ለአንድ መሬት ጉዳይ ሲባል አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ ሕፃን ማድረግ ተመጣጣኝ አይደለም። የሚያስፈልገው ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሾም፣ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚያበቃ፣ ሒሳብ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ ተወካይ ነው።

እንዲህ ያለ ተወካይ በሌላ አገር የተለመደ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 17 መሠረት በክስ ውስጥ ያለ ተወካይ የሌለው ሕፃን ወይም ችሎታ የሌለው ሰው ካለ ፍርድ ቤቱ ለዚያ ክስ ብቻ የሚቆም ጠባቂ ይሾማል፣ ወይም ሌላ ተገቢ ትእዛዝ ይሰጣል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1956 እ.ኤ.አ. «ኮቪ ከሶመርስ ከተማ» በተባለው መዝገብ የሰጠው ውሳኔ ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። ነገሩ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ሳይሆን ባልተከፈለ ግብር ምክንያት ቤት የተወሰደበት ነው። በኒውዮርክ ግዛት በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምትኖር ሴት ማስታወቂያው በፖስታ ደርሷታል፣ ተለጥፏል፣ በጋዜጣም ወጥቷል፤ ሕጉ ያዘዘው ሁሉ ተሟልቷል። ነገር ግን የከተማዋ ሹማምንት ሴትየዋ ችሎታ እንደሌላትና ጠባቂም እንዳልተሾመላት ያውቁ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ላለ ሰው፣ ሁኔታው እየታወቀ፣ በዚያ መንገድ የተሰጠ ማስታወቂያ እንደ ማስታወቂያ ሊቆጠር አይችልም አለ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የሕግ አንቀጽ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት መሬትን በግዳጅ ሲወስድ በተለመደው መንገድ ጉዳዩ ከመነሻው በክስ መልክ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ስለዚህ ተወካይ የሌለውን ሰው የሚያይ ዓይን አለ። በእኛ ሥርዓት ጉዳዩ የሚጀመረውና አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በአስተዳደር ነው። ዳኛ የሚመጣው በይግባኝ ነው፤ ይግባኝ ለማለት ደግሞ አስቀድሞ አቤት የሚል ሰው መኖር አለበት። አቤት ማለት የማይችለው ሰው የሚከላከልለት ተቋም ጋ ለመድረስ አቤት እንዲል ይጠበቃል ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። ከአዋጅ ቁጥር 455/1997 ጀምሮ የምናውቀው መፍትሔ ካሳውን አልቀበልም ያለ ሰው ገንዘቡ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥለት ነው። ይህ የተጻፈው አሻፈረኝ ላለ ባለይዞታ ነው፤ መቀበል ለማይችል ሰው ሲሠራበት ግን ገንዘቡ ለማንም ሳይጠቅም የዋጋ ንረት እየበላው ይቀመጣል፣ ወይም ቀድሞ በፈረመ ዘመድ እጅ ይገባል። የሕንድ የ1894 እ.ኤ.አ. የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ፣ ያረጀ የቅኝ ግዛት ሕግ ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ አስቦበት ነበር። የሕፃናት ሞግዚቶችና የአእምሮ ሕሙማን ንብረት አስተዳዳሪዎች በባለመብቱ ቦታ እንዲቆሙ ይፈቅዳል፤ ወዲያው ቀጥሎ ግን ጥቅሙ ከሚወክለው ሰው ጥቅም ጋር የሚጋጭ ሰው ተወካይ ሊሆን አይችልም ይላል። መሬቱን የማስተላለፍ ችሎታ ያለው ሰው በማይኖርበት ጊዜም ካሳው በፍርድ ቤት ተቀምጦ ሌላ መሬት እንዲገዛበት ወይም በመንግሥት ሰነድ ላይ ውሎ ገቢው ለባለመብቱ እንዲከፈል ያዝዛል። የ2013 እ.ኤ.አ. ተተኪው ሕግም ይህን የገንዘብ አቀማመጥ ይዞ ቀጥሏል። እኛ ዘንድ ቢያንስ ያንን የጥቅም ግጭት ዓረፍተ ነገር መቅዳት ብዙ አያስከፍልም።

የሕፃናቱ ጉዳይ በአንጻሩ የተሻለ ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሞግዚት የሚሾምበትን መንገድ በሚገባ ይዘረዝራል፤ ዕድሜም ከአእምሮ ሁኔታ ይልቅ በቀላሉ ይረጋገጣል። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች የሕፃን ስም ሲያዩ የሞግዚትነት ማስረጃ መጠየቅን ለምደዋል። የለመዱት ይህ ጥያቄ ለአዋቂዎችም ሊደረግ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

የእኔ ሐሳብ አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚል አይደለም። ከማስረከቡ በፊት ያለው የምክክር ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ንብረት ቆጣሪው ባለሙያ ቤት ለቤት ሲዞር የቆርቆሮውን ዓይነትና የግንቡን ርዝመት እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ባለይዞታው ራሱን መወከል የሚችል መሆኑ የሚያጠራጥር ከሆነ በቅጹ ላይ ምልክት ያድርግ። ምልክቱ የተደረገበት ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፍ፤ ዐቃቤ ሕግ የማመልከት ሥልጣኑ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በእጁ ያለ ነው፣ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም። የአቤቱታው ጊዜ ደግሞ ተወካይ እስኪሾም ድረስ መቆጠር የለበትም፤ ይህ የአዋጅ ወይም የደንብ ማሻሻያ ይጠይቃል። የልማቱ ሥራ ይጓተታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በአንድ ሠፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ አስቀድመው ከተለዩ የሚያጓትቱት ነገር የለም፤ የሚያጓትተው ቤቱ ፈርሶ ካበቃ በኋላ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ነው።

ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ደብዳቤው ዛሬ ቤታችሁ የደረሰ ሰዎች ምን ታደርጋላችሁ? ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጻፉበት። ሞግዚት ባይሾምም እንኳ የ30 ቀኑን ገደብ አታሳልፉ። አዋጁ አቤቱታን የሚፈቅደው ትእዛዝ ለደረሰው ሰው ብቻ ሳይሆን በንብረቱ ላይ መብት ወይም ጥቅም አለኝ ለሚልም ጭምር ስለሆነ፣ በቤቱ ድርሻ ያላት ሚስት ወይም ከወላጁ ጋር ቤቱን በጋራ የያዘ ልጅ በራሱ ስም አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። በዚያው አቤቱታ ላይ ባለይዞታው ችሎታ እንደሌላቸውና ተወካይ እንዲሾም ለፍርድ ቤት መመልከቱን አስፍሩ፤ የሐኪም ማስረጃውንና የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር አያይዙ፤ በገቢ መዝገብ ቁጥር የተመታበትን ቅጂም አስቀሩ። መሥሪያ ቤቱ ሁኔታውን በጽሑፍ ማወቁ በኋላ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን መልስ ይዘጋል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ቀን ስትቆጥሩ ዋናውንና ማሻሻያውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቡ። ለጠበቃ የሚከፍል ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸውን የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠይቁ፤ የሞግዚትነት ማመልከቻ ከሚጽፉላችሁ ጉዳዮች አንዱ ነው። ቤተሰቡ ተወካይ ሲመርጥም ከካሳው ወይም ከምትኩ የግል ጥቅም የሌለው ሰው ካለ፣ ለምሳሌ አክስት ወይም የንስሐ አባት ወይም የዕድር ዳኛ፣ ከልጆቹ ጋር ቢያንስ በታዛቢነት ይቀመጥ፤ ገንዘቡም በማንም ልጅ ስም ሳይሆን በባለይዞታው ስም በተከፈተ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ በማይንቀሳቀስ ሒሳብ እንዲገባ በማመልከቻው ላይ አብራችሁ ጠይቁ።